ጉብጠቱ ምን ይለካል? ስለ ኳርክ ቁስ ጂኦሜትሪ ለቀረበው ትችት የተሰጠ ምላሽ

ከሦስት ሳምንት በፊት የወጣ አንድ ጽሑፍ በአራት ኪሎ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ እኔ ዘንድ ደረሰ። የሚያወራው የኳርክ ቁስን የሁነት ሽግግር በጂኦሜትሪ መንገድ ስለሚያጠኑ ሰዎች ነው። ጸሐፊው ለረጅም ዓመታት በምህንድስና ሙያ ያገለገሉ መሆናቸውን ይነግሩናል፤ ጥናቱን ግን በአራት ነጥብ ከሥሩ ይነቅሉታል። አንደኛ፣ ጂኦሜትሪው በታወቀው የቴርሞዳይናሚክስ ቀመር ላይ የተደረበ ጌጥ ነው፤ የዘርፉ አባቶች ያለ እሱ ሠርተዋል። ሁለተኛ፣ ተመራማሪዎቹ ቁሱ በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጥ እንኳ ቁርጥ ያለ መልስ የላቸውም። ሦስተኛ፣ ስለ አምስተኛ አውታር (ተጨማሪ የጠፈር አቅጣጫ) እና ስለ ጥቁር ጉድጓድ የሚወራው በሙከራ የማይፈተን ተረት ነው። አራተኛ፣ ቅንጣት አፋጣኝ የሌላት አገር ልጆቿን በዚህ ማድከም የለባትም።

እኔ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን በዚሁ ጉዳይ ላይ የሠራሁ፣ ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ ላይ ከተማሪዎችና ከቀድሞ የክፍል ጓደኞቼ ጋር ተሰብስበን ስሌት እንሠራለን። ጽሑፉንም ያነበብነው እዚያው፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን፣ በየነጥቡ እየቆምን ነው። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አንብባ ስትጨርስ «ታዲያ እኛ የምንሠራው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ይህ ምላሽ ለእሷም ጭምር ነው።

ነገሩን ላልሰማ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በእያንዳንዱ ፕሮቶንና ኒውትሮን ውስጥ ኳርክ የሚባሉ ቅንጣቶች አሉ። የሚያስተሳስራቸው ብርቱው ኃይል ነው፤ የኃይሉ ተሸካሚዎች ግሉኦን ይባላሉ። አንድን ኳርክ ብቻውን ነጥሎ ያየ ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ1973 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዴቪድ ግሮስ፣ ፍራንክ ዊልቼክና ዴቪድ ፖሊትዘር ኳርኮቹ እጅግ ሲቀራረቡ ይህ ኃይል እንደሚላላ አሳዩ፤ በ2004 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙበት። ከዚህ ተነሥተን ቁስን በበቂ መጠን ብናሞቀው ወይም ብናምቀው የፕሮቶንና የኒውትሮን ድንበር ይፈርሳል፤ ኳርኮችና ግሉኦኖች እንደ ልባቸው የሚዘዋወሩበት ሌላ ሁነት ይመጣል። ዓለም ከተወለደ በኋላ የመጀመሪያው አንድ መቶ ሺኛ ሰከንድ እስኪያልፍ ድረስ ያለው ቁስ ሁሉ በዚህ ሁነት ላይ ነበር። ክርክራችን ከዚያኛው ሁነት ወደዚህኛው ስለሚታለፍበት በር ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልምጣ። ረዘም የምልበትም እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የቀሩት ክሶች ሁሉ የቆሙት በዚህ ላይ ነው።

የቴርሞዳይናሚክስ አባቶች ጂኦሜትሪ አላስፈለጋቸውም የሚለው በታሪክ ትክክል አይደለም። ጆሳያ ዊላርድ ጊብስ እ.ኤ.አ. በ1873 ካወጣቸው ሁለት ሥራዎች የአንደኛው ስም ሥዕላዊ ዘዴን፣ የሁለተኛው ስም ደግሞ ራሱን ጂኦሜትሪን የሚጠራ ነው። በሁለተኛው ላይ የአንድን ቁስ ይዘት (የሚይዘውን ቦታ)፣ ኢንትሮፒ (የሥርዓት አልባነቱን መለኪያ) እና ጉልበት ሦስት አቅጣጫ አድርጎ ሁነቶቹን በሙሉ በአንድ ወለል ላይ አሰፈራቸው። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ይህን ሲያነብ በቃል ብቻ አልረካም። ያንን ወለል በእጁ ከጭቃ አበጀው፣ በጄሶ ቅጂ አወጣለት፣ አንዱንም አሜሪካ ለሚኖረው ለጊብስ ላከለት። ቅርጹን ፀሐይ ላይ አቁሞ ጨረሩ ወለሉን ታክኮ በሚያልፍበት ቦታ መስመሮችን አሰመረ። የኤሌክትሮማግኔቲዝምን ሕግ የጻፈ እጅ ጭቃ ያቦካው ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ አብረው የሚኖሩበትን ቦታ በዓይኑ ማየትና በጣቱ መዳሰስ ፈልጎ ነው።

በጊብስ ወለል ላይ ግን አንድ የጎደለ ነገር ነበር፤ ርቀት። በሁለት ሁነቶች መካከል ያለውን ርቀት ትርጉም ባለው መንገድ ለመለካት ፍራንክ ዋይንሆልድ በ1975፣ ጆርጅ ሩፒነር ደግሞ በ1979 መንገድ ከፈቱ። የሩፒነርን መንገድ ከአራት ኪሎ አደባባይ ሳንርቅ ማስረዳት ይቻላል።

የድል ሐውልቱ አጠገብ ቆማችሁ በየደቂቃው የሚያልፈውን ሰው ቁጠሩ እንበል። አማካዩ 100 ሰው ነው። ሰዉ ሁሉ በየራሱ ጉዳይ፣ በየራሱ ሰዓት የሚሄድ ከሆነ ቁጥሩ በ10 ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል፤ አንዴ 93፣ አንዴ 108፣ አንዴ 99። ስለዚህ አማካዩ 100 የሆነበትን ቀንና 104 የሆነበትን ቀን በአንዲት ደቂቃ ቆጠራ መለየት አይቻልም፤ 100ንና 200ን ግን ሕፃንም ይለያቸዋል። ርቀት የሚባለው ይኸው ነው። በተፈጥሮ መዋዠቅ አንዱ ሁነት ሌላውን መስሎ የመታየት ዕድሉ እያነሰ በሄደ ቁጥር በመካከላቸው ያለው ርቀት ይበዛል።

አሁን ደግሞ ቀኑ የቅድስት ሥላሴ ንግሥ ይሁን። ሰዉ በቤተሰብ፣ አራት አራት ሆኖ ይመጣል። አማካዩ ያው 100 ነው፤ የሚያልፉት ግን 25 ቤተሰቦች ናቸው። የቤተሰቦቹ ቁጥር በ5 ይዋዥቃል፤ የሰዉ ቁጥር ደግሞ በ20። ማን የማንን እጅ እንደያዘ አላየንም፤ የያዝነው ቁጥር ብቻ ነው። ሆኖም 20ን በራሱ አባዝተን ለ100 ስናካፍለው 4 ይወጣል፤ የቤተሰቡ አባላት ብዛት ማለት ነው። በመዋዠቁ ብቻ ስንት ስንት ሆነው እንደሚሄዱ አወቅን። እኔ ይህን ስሌት ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራሁ ዕለት ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር፤ ዛሬም ለተማሪ ሳሳይ ያው ስሜት ይመለስብኛል።

በቅንጣቶች ዘንድም ነገሩ እንዲሁ ነው። ሁሉም በየራሱ የሚሄድበት ጋዝ በሩፒነር ጂኦሜትሪ ጉብጠቱ፣ ማለትም በዚህ ርቀት የተለካው የሁነቶች ወለል ከዝርግነት የሚወጣበት መጠን፣ ዜሮ ነው። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ መደማመጥ ሲጀምሩ ጉብጠት ይፈጠራል። መለኪያውም የይዘት መለኪያ ነው፤ አንዱ ቅንጣት ሲነቃነቅ አብሮት የሚነቃነቀው ስብስብ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ይነግረናል። ወሳኝ ነጥብ ወደሚባለው፣ ፈሳሽና ጋዝ ልዩነታቸው ወደሚጠፋበት ቦታ ስንጠጋ ስብስቡ እያደገ ይሄዳል፤ ጉብጠቱም ወሰን ያጣል።

ጉብጠት በአሣሣል የሚመጣ የዓይን ነገር የሚመስለው ሰው ካለ ጀበና ይበቃዋል። በጀበናው ሆድ ላይ ጎነ ሦስት ብትስሉ የማዕዘኖቹ ድምር ከ180 ዲግሪ ይበልጣል። አንገቱ ከሆዱ በሚጋጠምበት ኮርቻ መሰል ቦታ ላይ ብትስሉ ያንሳል። ወረቀት ጠቅልላችሁ ቱቦ ብታደርጉት ግን ለዓይን ቢጎብጥም ድምሩ 180 እንደሆነ ይቀራል። ወለሉ ላይ የሚሄድ ጉንዳን ከወለሉ ሳይወርድ ይህን ሊለካ ይችላል፤ የጋውስ ታላቅ ግኝት ይህ ነበር፤ ሪማን ደግሞ በ1854 ወደ ብዙ አውታሮች አሰፋው። የቁስን ሁነት በመጠነ ሙቀትና በእፍግታ ብትጽፉት፣ ወይም በጉልበትና በቅንጣት ብዛት ብትጽፉት፣ ጉብጠቱ ያው ቁጥር ሆኖ ይወጣል። ጌጥ እንደ ሠሪው ይለዋወጣል፤ ይህ አይለዋወጥም።

ባለፈው ወር የቫን ደር ዋልስን ጋዝ (ቅንጣቶቹ የሚሳሳቡበትና ቦታ የሚይዙበት ሞዴል) ጉብጠት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርተን ነበር። ርቀቱ የሚለካው በኢንትሮፒ ሁለተኛ የለውጥ መጠን ነው፤ ጉብጠት ደግሞ ያንን መለኪያ ሁለቴ እንድንለውጠው ይጠይቃል። ስለዚህ አራተኛ ለውጦች ይመጣሉ ብለን የሰሌዳውን ግማሽ ሞላነው። ከዚያ አንድ በአንድ ተጣፉ። አንዱ ተማሪ ጠመኔውን ይዞ እያጠፋ ሄዶ ሲጨርስ የቀሩት ሁለተኛና ሦስተኛ ለውጦች ብቻ ነበሩ። ከክፍልፋዩ በታች የተቀመጠው ደግሞ ልክ በወሳኙ ነጥብ ላይ ዜሮ የሚሆን መጠን ነው። ቶማስ አንድሩስ ይህን ነጥብ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ በ1869 በሙከራ አሳይቷል፤ ሙቀቱ 31 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ግፊቱ ከከባቢ አየር ግፊት 73 ጊዜ ያህል ነው። በታሸገ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ያለ ጋዝ እዚህ ነጥብ ላይ ሲደርስ፣ ጥርት ያለ የነበረው ነገር በድንገት እንደ ወተት ይነጣል፤ ስብስቦቹ የብርሃንን የሞገድ ርዝመት ያህል አድገው ብርሃኑን ስለሚበትኑት ነው። የሰሌዳው ዜሮና የቱቦው ወተት አንድ ቦታ ላይ ይገጥማሉ።

ይህ ከኳርክ ጋር ምን አገናኘው? በአሜሪካ ብሩክሄቨን በሚገኘው፣ ዙሪያው 3.8 ኪሎ ሜትር በሆነው ቅንጣት አፋጣኝ ላይ የወርቅ ኒውክሌሶችን ከ2010 ጀምሮ በተለያየ ጉልበት እያጋጩ ሲቆጥሩ ቆይተዋል። በእያንዳንዱ ግጭት ስንት ፕሮቶን ወጣ፣ ስንት ጸረ ፕሮቶን ወጣ፤ ልዩነቱ ስንት ነው? ከዚያ የልዩነቱን መዋዠቅ ያሰላሉ። የአደባባዩ ቆጠራ ማለት ነው። የኳርክ ቁስ ወሳኝ ነጥብ በአቅራቢያው ካለ መዋዠቁ ማበጥ አለበት። ሚካሂል ስቴፋኖቭ በ2009 ያሳየው ሒሳብ ደግሞ የሚገርም ነው፤ የመደማመጡ ርቀት በእጥፍ ሲያድግ ሁለተኛው የመዋዠቅ መለኪያ 4 ጊዜ፣ ሦስተኛው 23 ጊዜ ያህል፣ አራተኛው 128 ጊዜ ያድጋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው፣ በሰሌዳችን ላይ ሳይጠፉ ከቀሩት ለውጦች ጋር ወንድማማች ናቸው። ጉብጠቱ የሚገነባው ከሚቆጠር ነገር ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፤ በስንት ዲግሪ ይቀልጣል? ጸሐፊው ውኃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ ያህል የተቆረጠ መልስ ይጠብቃሉ። ውኃ ግን አዲስ አበባ ላይ በ100 ዲግሪ አይፈላም። በክፍል ውስጥ ድስት ጥደን ቴርሞሜትር ስንከትበት ውኃው እየተንተከተከ ቁጥሩ ከ92 ፈቀቅ አይልም፤ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምንኖር ግፊቱ ያነሰ ነው። ሽቅብ ደግሞ ከ374 ዲግሪና ከ218 ከባቢ አየር በላይ መፍላት የሚባል ነገር ጭራሽ የለም፤ ፈሳሹ ሳይፈላ ጋዝ ይሆናል። የኃይል ማመንጫ የሚያውቅ መሐንዲስ ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

የኳርክ ቁስ እፍግታው አነስተኛ በሆነበት አካባቢ የሚሆነውም ይኸው ነው። በ2006 በኔቸር መጽሔት የታተመው የፍርግርግ ስሌት (ቦታንና ጊዜን በነጥቦች ፍርግርግ ላይ አስፍሮ በኮምፒውተር የሚሠራው) ሽግግሩ ድንገተኛ ሳይሆን ለስላሳ መሆኑን አረጋገጠ። በረዶ በዜሮ ዲግሪ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይቀልጣል። ቅቤ ግን እንዲህ አያደርግም፤ መጀመሪያ ላዩ ያብለጨልጫል፣ ከዚያ ጣት ይቀበላል፣ ከዚያ ጠርዙ ይፈሳል። ቀለጠ የምትሉበትን ዲግሪ ቁረጡ ብትባሉ አትችሉም፤ ከሁሉ ፈጥኖ የሚለሰልስበትን ግን መናገር ትችላላችሁ። ለኳርክ ቁስ ያ ቁጥር አለ፤ 156.5 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት፣ ስሕተቱም 1.5 ያህል ብቻ። በዲግሪ ሲቀየር 1.8 ትሪሊዮን ገደማ ነው፤ ከፀሐይ እምብርት ከ100,000 ጊዜ በላይ። ያንን ሙቀት የሚሸከመው የእሳት ኳስ ዕድሜው በሰከንድ ሲጻፍ ከነጥቡ በኋላ 22 ዜሮዎች ተደርድረው ነው የሚታይ ቁጥር የሚመጣው። በዚህ ሁሉ ላይ ስሕተታችን ከመቶ አንድ ገደማ ነው። እንዲህ ያለውን መልስ ቁርጥ ያለ አይደለም ማለት ሥራውን የሠሩትን መበደል ነው።

ያልተቆረጠው ሌላ ነው፤ እፍግታው ከፍ ሲል ለስላሳው መንገድ አልቆ ድንገተኛው የሚጀምርበት ወሳኝ ነጥብ። ይህ እዚህ ነው ብሎ ያረጋገጠ እስካሁን የለም። ምክንያቱም ኬኔዝ ዊልሰን በ1974 የመሠረተው የፍርግርግ ስሌት እፍግታ ሲጨምር ግዙፍ አዎንታዊና አሉታዊ ቁጥሮችን እርስ በርስ ለማጣፋት ይገደዳል። የአንድን ቁልፍ ክብደት ለማወቅ የጭነት መኪናን ከቁልፉ ጋርና ያለ ቁልፉ መዝኖ እንደ መቀነስ ነው። ጂኦሜትሪ የተጠራውም ለዚህ ነው፤ ስሌቱ ከሚደርስበት አካባቢ ጉብጠቱን አንብቦ ወሳኙ ነጥብ በየት አቅጣጫ እንደሚፈለግ ለመጠቆም።

በሦስተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ልክደው አልፈልግም። ሁዋን ማልዳሴና በ1997 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ እርስ በርሱ በብርቱ የሚሳሳብ ቁስ ስሌት አንድ አውታር በሚጨምር ጠፈር ውስጥ ወዳለ የስበት ስሌት ይተረጎማል። ትኩሱ ቁስ በዚያኛው ወገን ጥቁር ጉድጓድ ነው። ስቴፈን ሃውኪንግና ዶን ፔጅ በ1983 እንዲህ ባለው ጠፈር ውስጥ ጥቁር ጉድጓድ ያለበትና የሌለበት ሁለት ጂኦሜትሪዎች እንደሚፎካከሩ፣ ሙቀቱ ሲያልፍ አሸናፊው እንደሚቀያየር አሳይተው ነበር። ኤድዋርድ ዊተን በ1998 ይህን መቀያየር ታስረው የነበሩ ቅንጣቶች ከሚፈቱበት ሽግግር ጋር አገናኘው። እውነቱ ግማሽ የሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ትርጉሙ በትክክል የተሠራለት ንድፈ ሐሳብ የኳርኮቻችን ራሱ ሳይሆን የአጎቱ ልጅ ነው። ከዚህ ተነሥተው የተሠሩ ሞዴሎች ወሳኙን ነጥብ በተለያየ ቦታ ያስቀምጡታል። ስለዚህ እንደ ረቂቅ ካርታ እንይዘዋለን፤ እንደ ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አይደለም።

አይፈተንም የሚለው ግን ስሕተት ነው። ፓቬል ኮቭተን፣ ዳም ታን ሶንና አንድሬ ስታሪኔትስ በ2005 ከጥቁር ጉድጓዱ ጂኦሜትሪ አንድ ቁጥር አወጡ፤ የዝልግልግነት (ለመፍሰስ የማስቸገር) መጠን ለኢንትሮፒ ሲካፈል 0.08 ገደማ። ብዙዎች ከብሩክሄቨን ግጭት ጋዝ ይወጣል ብለው ሲጠብቁ የነበረው ቁስ እንደ ፈሳሽ ሲፈስ ተገኘ። በዚያው ዓመት ተመራማሪዎቹ ፍጹም ሊባል የቀረበ ፈሳሽ ብለው አስታወቁ፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩ ትንተናዎችም ዝልግልግነቱን ከዚያ ቁጥር ብዙ ሳያርቁ አስቀመጡት። በአሥር እጥፍ ርቆ ቢገኝ ኖሮ ሐሳቡን ለኳርክ ቁስ የሚያነሣው ሰው አይኖርም ነበር። ተረት እንዲህ ራሱን ለአደጋ አያጋልጥም።

የቀረው አራተኛው ነው፤ ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ጥያቄው የሚመጣው ቧንቧ ሲደርቅ፣ መብራት ሲጠፋ ካየ ሰው ነው፤ ስለዚህ በቁም ነገር እወስደዋለሁ። ፒያሳ ሄደው አንድ ኪሎ ቡና ቢያስመዝኑ ሚዛኑ ላይ ከሚያርፈው 1,000 ግራም ውስጥ ከኳርኮቹ የራሳቸው መጠነ ቁስ የሚመጣው 10 ግራም ያህል ነው። የቀረው 990 ከብርቱው ኃይል ጉልበት የመጣ ነው። የሸማቹም ሰውነት፣ የሚዛኑም ብረት እንዲሁ። ይህን ኃይል የሩቅ አገር ጉዳይ ማድረግ አይቻልም፤ ከሽንኩርት መግዣው ሚዛን ላይ አለ።

አፋጣኝ የላችሁም ለሚለው ደግሞ አንድ ስም ልጥራ። ከላይ የገለጽኩት ርቀት፣ በመዋዠቅ የሚለካው፣ ከፊዚክስ አስቀድሞ በስታቲስቲክስ ተወልዷል። አባቱ ካልያምፑዲ ራዳክሪሽና ራኦ ነው፤ ዓመቱ 1945፣ ቦታው ካልካታ። ህንድ ገና በቅኝ ግዛት ሥር ናት፤ የቤንጋል ረሃብ ካለፈ ሁለት ዓመት አልሞላውም ወይም ገና መሙላቱ ነው፤ ሰውየው ዕድሜው 25 አካባቢ ነው። የነበረው ወረቀትና እርሳስ ነበር። የዚያን ጊዜ ካልካታ ላይ ሆኖ «በዚህ ሰዓት ስለ ርቀት ትርጉም የምታስበው ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው አላጣም ይሆናል። ዛሬ የዚያ ሰው ጂኦሜትሪ የሕክምና መረጃ ለመተንተንም፣ ኮምፒውተር ለማሠልጠንም፣ ኳርክ ለመፈለግም ይሠራል።

ስታቲስቲካዊ ፊዚክስም ለአራት ኪሎ ባዕድ አይደለም። ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በዚሁ ዘርፍ ትውልድ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ለሰብአዊ መብትና ለትምህርት ባደረጉት ተጋድሎ የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር በ2012 የአንድሬ ሳካሮቭን ሽልማት ሰጥቷቸዋል። ተማሪ የሚያጣው መሣሪያ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከፍርግርግ ስሌት የተገኙት ቁጥሮች ግን ታትመው ለሁሉም ክፍት ናቸው። ጉብጠቱን ከእነሱ ለማውጣት ተራ ላፕቶፕ ይበቃል። «ታዲያ እኛ የምንሠራው ምንድን ነው?» ብላ የጠየቀችው ተማሪ ባለፈው ሳምንት ጀምራዋለች፤ የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ በደብተሯ ላይ በእጇ ገልብጣ መጥታ ነበር።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። መሐንዲስ ስለሆኑ የእንፋሎት ሠንጠረዥ ቤትዎ አይጠፋም። የውኃን ጉብጠት በቀጥታ ከዚያ ሠንጠረዥ ማውጣት ይቻላል፤ 374 ዲግሪው አካባቢ ቁጥሩ ምን እንደሚሆን በራስዎ እጅ ያዩታል። እኛ ሠንጠረዡን በማንበብ ልምድ የለንም፤ እርስዎ አለዎት። ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት እንጀምራለን፤ ሰሌዳውንም ጠርገን እንጠብቅዎታለን።